የአልጣሽ አንበሶች ስንት ናቸው? ውሃውን ጠይቁ

በ2008 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ገደማ የዓለም መገናኛ ብዙኃን ስለ ሀገራችን ያልተለመደ ዜና ተቀባበሉ። ድርቅ አይደለም፣ ጦርነት አይደለም፣ ሩጫም አይደለም። «ጠፍተዋል የተባሉ አንበሶች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ» የሚል ነበር። ቦታው ከመተማ ዮሐንስ በስተደቡብ፣ በቋራ ወረዳ፣ የሱዳንን ድንበር ተደግፎ የተዘረጋው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቋራ ሲባል አብዛኞቻችን አፄ ቴዎድሮስን ነው የምናስበው። ያን ሰሞን ግን ስለ ቋራ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሁሉ ስለ እውነተኛ አንበሳ ነበር።

ዜናው ደስ ይላል፣ እኔንም ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ከዜናው ጋር አንድ ቁጥር አብሮ ይዞራል። አልጣሽ ውስጥ ከ27 እስከ 54 አንበሶች፣ ከድንበሩ ማዶ ካለው የሱዳን ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ሲደመር ደግሞ ከ100 እስከ 200 አንበሶች አሉ ይባላል። ቁጥሩ በየጽሑፉ፣ በየቪዲዮው፣ በየተማሪው መመረቂያ ወረቀት መግቢያ ላይ ይገኛል። ተቆጥሮ የተገኘ እየመሰለ ነው የሚጠቀሰው። አልተቆጠረም። ቁጥሩ የመጣው አንበሳ ከማየት ሳይሆን ስለ ውሃ ከተደረገ ግምት ነው፤ ውሃውን ግን ከዚያ ወዲህ ትኩር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። የውሃ ምህንድስና ስለማጠና ለውሃ እንደማደላ ከወዲሁ ልናገር። ቢሆንም ነገሩን አብረን ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ «ተገኙ» የምትለዋን ቃል እናንሳ። ለማን ነው የተገኙት? ጉዞውን የመሩት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው የአንበሳ ተመራማሪ ሃንስ ባወር ናቸው፤ ያገዛቸው ደግሞ ቦርን ፍሪ የተባለው የዱር እንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ነው። ባወር ራሳቸው ያሉት ጠንቀቅ ያለ ነገር ነበር። አንበሶች በአልጣሽ መኖራቸው ከዚያ በፊት በሀገር አቀፍም ሆነ በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ደረጃ አልተረጋገጠም ነበር፣ አሁን ተረጋግጧል፤ በቃ። ሌሊት ከብቱን በእሾህ አጥር የሚያስገባው የቋራ እረኛ አያውቅም ነበር አላሉም። ርዕስ ጸሐፊዎቹ ግን «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል «ተገኘ» አደረጉት። የጎረቤትን በሬ በረት ውስጥ ቆሞ አይቶ «አገኘሁት» እንደማለት ነው።

ይህን ስል ማረጋገጥ ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ሳይንስ ውስጥ «ሰው ሁሉ ያውቃል» እና «ተመዝግቧል» በሚሉት መካከል ሰፊ ገደል አለ። ያልተመዘገበ እንስሳ በካርታ ላይ የለም፤ በካርታ ላይ የሌለ እንስሳ ደግሞ በጀት የለውም። ስለዚህ ባወር እና ጓደኞቻቸው የሠሩት ሥራ ዋጋ አለው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። የአልጣሽ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ሰዎች፣ ከእነሱም አንዱ ስመ ጥሩው አፈወርቅ በቀለ፣ በፓርኩ ስላሉ አይጦችና ሌሎች ጥቃቅን አጥቢ እንስሳት ጥናት አሳትመው ነበር። ወጥመድ ዘርግተው፣ የትኛው አይጥ በየትኛው ሣርና ዛፍ መካከል እንደሚኖር ለይተው ነው የጻፉት። አድካሚ ሥራ ነው። ማን ሰማ? አይጥ ርዕስ አይሆንማ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። እስኪ ስልካችሁን አውጡና አስሉ። የአልጣሽ ስፋት ወደ 2,666 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ተመራማሪዎቹ የወሰዱት ግምት በየ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትሩ ከ1 እስከ 2 አንበሳ ይኖራል የሚል ነው። 2,666ን ለ100 ስታካፍሉ 26.66 ይመጣል፣ ሲጠጋጋ 27። ያው ነው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ይሄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ 27 ሲባዛ በ2፣ ማለትም 54። በነገራችን ላይ ሳይጠጋጋ ቢባዛ 53.3 ነበር የሚመጣው። አንዷ አንበሳ የተወለደችው በማጠጋጋት ነው ማለት ነው! ይህ ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ባለ ግምት ውስጥ የአንድ አንበሳ ልዩነት ምንም አይደለችም። ግን ቁጥሩ ከመቁጠር ሳይሆን ከማባዛት እንደመጣ ጥሩ አድርጋ ታሳያለች።

ከ100 እስከ 200 የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ለሁለቱ ፓርኮች በጠቅላላው ወደ 10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተወስዶ ነው የተሰላው። እዚህ ላይ ዲንደር ብቻውን በራምሳር የውሃ አዘል መሬቶች መዝገብ ከ10,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተብሎ መስፈሩን ልብ በሉ። አልጣሽ ሲጨመርበት ከ12,500 ያልፋል። ግምቱን ዝቅ ማድረግ ከጥንቃቄ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ብሆን ወደ ታች ነበር የማጠጋጋው። ነገር ግን አንባቢ ዘንድ ሲደርስ ጥንቃቄው ይረገፍና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ካሜራው ያየው እና ያላየው

«ካሜራ አስቀምጠው የለ እንዴ፣ ለምን አልቆጠሩም?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው በመሣሪያው ውስጥ ነው።

በተለምዶ ካሜራ ትራፕ የሚባለው መሣሪያ ዛፍ ላይ ይታሰራል፣ ከፊቱ እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ ያነሳል። እንስሳውን የሚለየው በዓይን አይደለም። ፊት ለፊቱ ላይ ያለች ትንሽ ሴንሰር ከአካባቢው የሚመጣውን የሙቀት ጨረር ትከታተላለች። ከጀርባው ካለው ሣርና አፈር የሞቀ ነገር ሲንቀሳቀስ ልዩነቱ ይሰማትና ካሜራውን ትቀሰቅሰዋለች። ቁም ነገሩ «ልዩነት» የሚለው ቃል ነው። የአንበሳ የሰውነት ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። በመተማ እና በቋራ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀን ላይ አየሩ 40 ዲግሪን ያልፋል፣ ፀሐይ የመታው መሬት ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ እንስሳውና ዳራው ይቀራረባሉ፤ ሴንሰሯም ልታልፈው ትችላለች። ለደጋ አየር ጥሩ የሚሠራ መሣሪያ ቆላ ላይ ሲወርድ ግማሽ ዕውር የሚሆንበት ሰዓት አለው። ደግነቱ አንበሳ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው።

ሌላም አለ። እንዲህ ባለ አጭር ጉዞ ላይ ካሜራ የሚታሰረው እንስሳ ያልፍበታል ተብሎ በሚታሰብበት ቦታ ነው። አንበሳ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ አንድ ግልጽ ፎቶ ይበቃል። ብዛት ለማወቅ ግን አይሆንም። ገበያ መሃል ቆሞ የሀገሩን ሕዝብ ብዛት እንደመገመት ነው።

ብዛት ለማወቅ ሌላ ዘዴ አለ፤ ቀላልና የሚያምር ነው። ኩሬ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። 20 ዓሣ ያዙ፣ ክንፋቸው ላይ ምልክት አድርጉና መልሷቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ 30 ያዙ። ከ30ዎቹ 5ቱ ምልክት ካላቸው፣ ምልክት የተደረገባቸው ከኩሬው ዓሣ አንድ ስድስተኛ ናቸው ማለት ነው። 20 የጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ከሆነ ጠቅላላው 120 ነው። የእንስሳት ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ በካሜራ ይጠቀሙበታል፤ ምልክቱ የእንስሳው የራሱ ገላ ነው። የነብር ነጠብጣብ፣ የሜዳ አህያ መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው። አንበሳ ግን አንድ ወጥ ቀለም አለው። አንዱን ከአንዱ ለመለየት የጢሙን ሥር ነጠብጣብ፣ ጠባሳውን፣ የጆሮውን ቅዳጅ በቅርበት ማየት ይጠይቃል፤ ሌሊት ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ይህን መለየት ከባድ ነው። ወራት የሚወስድ፣ ብዙ ካሜራ የሚፈልግ ሥራ ነው። ለአልጣሽ የተደረገው ይህ አይደለም።

ታዲያ «ከ1 እስከ 2» የሚለው ግምት ከየት መጣ? ዜናውን ያወጡት ሰዎች ምክንያቱን በግልጽ ነግረውናል፤ ማንም ትኩረት አልሰጠውም እንጂ። በአካባቢው የገጸ ምድር ውሃ ውስን ነው፤ ስለዚህ አንበሳ የሚያድናቸው እንስሳት ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ አንበሳውም ጥቂት ነው። ሦስት እርከን ያለው መሰላል ነው፣ የታችኛው እርከን ውሃ ነው። አንበሳ ራሱ ከታደነው እንስሳ ደምና ሥጋ እርጥበት ስለሚያገኝ ጥማትን ይችላል። ከርከሮው፣ ድኩላው፣ ጎሹ ግን ውሃ ይፈልጋል። በጋ ላይ ውሃ የት አለ የሚለውን ካላወቅን የሚታደኑት የት እንዳሉ አናውቅም፣ አዳኙንም መገመት አንችልም። ማባዣዋ «1» ትሁን «2» የሚወስነው ይኸው ነው፤ ከመነሻው የሚለካ ነገር ከነበረ እሱ ነበር።

ከጣና ጀርባ የወደቀች ጠብታ

እስኪ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች ጎን ለጎን ወደቁ እንበል። አንዷ ወደ ምሥራቅ ተንሸራታ ጣና ገባች፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት ወደመዘገበው፣ ዘፈን ወደተዘፈነለት፣ ጀልባና ገዳም ወዳለው ሐይቅ። ሁለተኛዋ ወደ ምዕራብ ወረደች። የሷን መንገድ ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። በቋራ በኩል አይማ በሚባለው ወንዝ ትሄዳለች፤ ወንዙ ድንበር ሲሻገር ስሙን ይለውጥና ዲንደር ይሆናል። ወደ ሰሜን ያለው ሽንፋ ደግሞ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል፤ እሱም የዲንደር ፓርክን በሰሜን ያዋስናል። ሁለቱም በመጨረሻ ከጥቁር ዓባይ ጋር ይቀላቀላሉ። በጣና በኩል የሄደችው ጠብታም በጢስ ዓባይ አድርጋ፣ በረሃውን ዞራ፣ ሱዳን ውስጥ እህቷን ታገኛለች።

አይማም ሆነ ሽንፋ ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም። ክረምት ላይ አስፈሪ ጎርፍ ናቸው፤ ከጥቅምት፣ ከኅዳር በኋላ እየቀጠኑ ይሄዱና አሸዋ ላይ የተበታተኑ ኩሬዎች ይሆናሉ። ክረምት ላይ የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር ስለሚጨቀይ መኪና አይገባም፤ ብዙ እንስሳትም ከረባዳው ሜዳ ይሸሻሉ። በጋ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ውሃ ወዳለበት ይሰበሰባል። ይህ ውሃ የሚገኘው በአብዛኛው ዲንደር ውስጥ፣ ሱዳኖች «ማያ» በሚሏቸው ሐይቆች ነው።

ማያ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ያስደስታል። ሜዳ ላይ የደረሰ ወንዝ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በጥምዝ ላይ ውሃው በውጭ በኩል ይፈጥናል፣ ዳሩን ይቦረቡራል፤ በውስጥ በኩል ይዘገያል፣ አሸዋ ያራግፋል። ስለዚህ ጥምዙ በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል። በጥምዙ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው መሬት እንደ አንገት ይቀጥናል። አንድ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ አንገቱን ይበጥሰውና ወንዙ አቋርጦ ይሄዳል። የድሮው ጥምዝ ሁለት ጫፉ በደለል ተደፍኖ ብቻውን ይቀራል። ከላይ ሲታይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ሐይቅ ነው። ዲንደር እ.ኤ.አ. በ1935 ፓርክ የሆነው፣ በ2005 ደግሞ በራምሳር ስምምነት የተመዘገበው በእነዚህ ውሃዎች የተነሳ እንስሳትና ወፎች ስለሚሰበሰቡበት ነው። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ በእርጥብ ዳሩ ላይ ለምለም ሣር ይበቅላል፤ አካባቢው ሁሉ በደረቀበት ወር አረንጓዴ ግጦሽ ማለት ነው።

የምህንድስና ጉዳዩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ላቆያችሁ። ማያ ከወንዙ ጋር የሚገናኘው በጠባብ ቦይ ነው። ቦዩ አፍ አለው፣ አፉ ደግሞ ከፍታ አለው። ወንዙ ያንን ከፍታ ካላለፈ ማያው ምንም አያገኝም። ለምሳሌ ያህል አፉ 5 ሜትር ላይ ነው እንበል። አንድ ክረምት የወንዙ ጎርፍ ቢበዛ 4.90 ሜትር ደረሰ፣ ሌላ ክረምት 5.10። ልዩነቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በአማካይ ሲታይ ሁለቱ ክረምቶች አንድ ናቸው፤ የዓመቱ ጠቅላላ የውሃ መጠንም ሊቀራረብ ይችላል። ለማያው ግን የመጀመሪያው ዓመት ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ሙሉ ነው። ስለዚህ «የዘንድሮ ዝናብ ከአማካይ በታች 4 በመቶ ነው» የሚል ዘገባ ስለ እንስሳቱ የሚነግረን ነገር የለም። መታወቅ ያለበት የጎርፉ ጫፍ ስንት ደረሰ፣ ስንት ቀንስ እዚያ ቆየ የሚለው ነው። ቦዩ በደለል ከተሞላ ደግሞ አፉ ከፍ ይላል፤ አምና ይበቃ የነበረ ጎርፍ ዘንድሮ አይበቃም።

ደለሉ ከየት ይመጣል? ከላይ፣ ከኛ። ሱዳናዊው የውሃ ተመራማሪ ኻሊድ ሐሰባላ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከሳተላይት ፎቶ የሁለቱን ተፋሰሶች መሬት ከ1972 እስከ 2011 አነጻጽረዋል። በዲንደር ተፋሰስ የዛፍ ሽፋን ከ42 በመቶ ወደ 14 ወርዷል፣ የእርሻ መሬት ከ14 ወደ 47 ወጥቷል። በራሃድ ደግሞ ዛፉ ከ35 ወደ 14፣ እርሻው ከ18 ወደ 68 በመቶ። አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥ። ሰሊጥ የመተማና የቋራ ሰው እንጀራ ስለሆነ ገበሬውን ጥፋተኛ አድርጌ መጻፍ አልፈልግም፤ ሰው የሚያርሰው ልጁን ለማሳደግ ነው። ነገር ግን ዛፉ የተነሳለት መሬት ዝናቡን ቶሎ ያባርረዋል፣ አፈሩንም አብሮ ይሰደዋል። ጎርፉ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ያልፋል፣ ደለል ይዞ ያልፋል። የማያውን አፍ አንዴ ከፍ ብሎ ሊያልፈው፣ አንዴ ደግሞ ሊደፍነው ይችላል።

የአንበሳውን ዜና የማነበው እንግዲህ ከዚህ ጋር አያይዤ ነው። ዜናው ስለ ጥበቃ ሲያወራ አደን ይላል፣ ሰደድ እሳት ይላል፣ ጠባቂ ያስፈልጋል ይላል። ሁሉም ልክ ነው። በበጋ ፈላታ የሚባሉት ከብት አርቢዎች ከሱዳን በኩል ከብታቸውን ይዘው መግባታቸው፣ በዙሪያው ያለው እርሻ መግፋቱ፣ የአካባቢው ጉሙዝ ማኅበረሰቦች ኑሮ ከጫካው ጋር የተሳሰረ መሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ በየጥናቱ የሚነሱ ናቸው። ከብቱ ወደ ፓርኩ የሚገባው ግን ሣርና ውሃ ፍለጋ ነው። ውሃው በጠበበ ቁጥር ከብት፣ ከርከሮ፣ አንበሳና እረኛ አንድ ኩሬ ላይ ይገናኛሉ። ጠባቂ ብትጨምሩ ኩሬው አይሰፋም።

ፓርኩ የተከለለው በካርታ ላይ በተሰመረ መስመር ነው። በምዕራብ የሀገር ድንበር፣ በደቡብ የክልል ወሰን። ውሃ ይህን አያውቅም። አልጣሽን የሚያጠጣው ዝናብ የሚወርደው ከፓርኩ ውጭ፣ በምሥራቅ ከፍታዎች ላይ ነው፤ የአልጣሽ እንስሳት በጋ የሚያሳልፉባቸው ሐይቆች ደግሞ ከፓርኩ ውጭ፣ በምዕራብ ናቸው። መሃሉን አጥረን ራሱንና እግሩን ተውነው። ሁለቱን ፓርኮች በጋራ ስለማስተዳደር ለዓመታት ተወርቷል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን በጦርነት ውስጥ ናት፣ በመተማ ዮሐንስ በኩል የሚሻገረው ስደተኛ ነው። በዚህ መካከል ስለ ሐይቅ ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ጎርፉ ግን ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም፤ በየክረምቱ ደለሉን ያራግፋል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «ፓርክ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ፓርክ ሲባል እንጦጦን ወይም ወዳጅነትን ያስባል፤ ወንበር፣ ሰው ሠራሽ ኩሬ፣ አይስክሬም። አንዳንድ የቱሪዝም ጽሑፎች አልጣሽንም በዚያው ቋንቋ ይሸጡታል፤ አንበሳ ይታያል፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ይተከላል። በየትኛው ወር እንደሆነ አይናገሩም። በነሐሴ ዋልካው አያስገባችሁም፤ በመጋቢት ወንዙ አሸዋ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብቻ የሚመስል ነገር አለ። የመዝናኛ ዕቅድም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስፈልገው የውሃ የቀን መቁጠሪያ ነው።

ይህን የቀን መቁጠሪያ መሥራት ይቻላል፣ ያውም ማንም ሰው አደጋ ላይ ሳይወድቅ። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ ያንኑ ቦታ ያነሳሉ፤ አንዷ የፎቶ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ፎቶው ነጻ ነው። ውሃ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ይውጣል፣ ቅጠልና ሣር ግን አጉልቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ በአረንጓዴው እና በኢንፍራሬዱ ብርሃን መካከል ያለውን ልዩነት ኮምፒውተር ላይ ስታሰሉ ውሃ ያለበት ነጥብ ከሌላው ተለይቶ ይወጣል። እንከን አለው፤ ዛፍ ያጠላበት ኩሬ አይታይም፣ በውሃ አረም የተሸፈነ ሐይቅ ሜዳ ይመስላል፣ ከ10 ሜትር ያነሰ ጉድጓድ ያመልጣል። ክረምት ላይ ደመና ይጋርዳል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ግን የመተማ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ የምንፈልገው ወቅትም ያው ነው።

ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላፕቶፕና ትንሽ ኢንተርኔት ያለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በየበጋው አይማ መቼ መፍሰስ እንዳቆመ፣ መጋቢት ላይ ስንት ኩሬ እንደቀረ፣ ከእነዚያ ስንቱ ከፓርኩ ወሰን ውስጥ እንደሆነ ማስላት ይችላል። ቀጣዩ የአንበሳ ዘገባ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉበት ከ27 እስከ 54 የሚለውን መልሶ ከመጻፍ አያልፍም። እኔ ብጀምር ከ2008 ዓ.ም. በጋ ነው የምጀምረው፤ አንበሶቹ «የተገኙት» ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ2007 ክረምት የኤልኒኞ ክረምት ነበር፤ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ ከባድ ድርቅ አምጥቷል። በዚያው ዓመት አይማ ምን ያህል እንደሞላ፣ ኩሬዎቹስ እስከ መቼ እንደቆዩ በመጀመሪያዎቹ የሴንቲኔል ፎቶዎችና በቆዩት የላንድሳት ምስሎች ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።